ሽንኩርት ውስጥ ክሎሮፕላስት የለም!

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ናችሁ፣ የምጽፍላችሁ ከሀዋሳ ነው፣ ስራዬ ላብራቶሪ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ነኝ።

የእህቴ ልጅ የሽንኩርት ሴል ሳሉ ተብለው ግድግዳውንም ኒውክለሱንም (የሴሉን እምብርት) አሳምራ ስላ ክሎሮፕላስት (በብርሃን ምግብ የሚሰራውን አረንጓዴ ነገር) አልጨመርሽም ተብላ ማርክ ተቀነሰባት፣ መጽሐፉ ላይ ያለው የእጽዋት ሴል አረንጓዴ ነገር አለበታ! ኧረ ባካችሁ፣ የሽንኩርቱ ራስ ውስጥ ብርሃን አይገባም፣ ምግብ ያጠራቅማል እንጂ አይሰራም፣ ክሎሮፕላስት ምን ሊያደርግለት? ቅጠሉን ብትጠይቋት እሺ።

መምህሩ ላይ አልፈርድም፣ ማይክሮስኮፑ እንዳይሰበር ተብሎ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ እሱም ከመጽሐፍ ነው የሚያስተምረው። ግን እኮ ከባድ ነገር አይደለም፣ ከሽንኩርቱ ንብርብር ላይ ያቺን ስስ ሽፋን ላጥ አድርጎ ስላይድ ላይ በጠብታ ውሃ መዘርጋት፣ ትንሽ አዮዲን ጠብ ማድረግ፣ ከቨር ስሊፑን (ስሷን መሸፈኛ መስታወት) ጣል፣ ከዛ 4 ጊዜ በሚያጎላው ኦብጀክቲቭ (ከስላይዱ በላይ ባለው ሌንስ) ጀምሮ 10 ጊዜ ወደሚያጎላው ማለፍ ነው፣ የአይን ሌንሱም 10 ጊዜ ስለሚያጎላ 100 ጊዜ ጎልቶ ይታያል፣ ኒውክለሱ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ቁጭ ይላል። ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ግን በዚህ አይታይም፣ ልጆቹ ግን ሁሌ ይስሉታል (እሱም ሌላ ጉድ ነው)። ክሎሮፕላስት ማየት ያማረው ደግሞ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወርዶ ስስ የውሃ ሳር ቅጠል ያምጣ፣ በ40ው ኦብጀክቲቭ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሮበርት ሁክ የሚባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በፈረንጆቹ 1665 ቡሽ በስሱ ቆርጦ ሲያይ ያገኘው ባዶ ክፍል ብቻ ነው፣ የሞተ ሴል ነዋ፣ ያየውን ሳለ አለቀ። ኒውክለስን ሮበርት ብራውን የሚባል የእጽዋት ተመራማሪ ስም ያወጣለት በ1831 ነው፣ ሁክ እኛ ጋ ቢፈተን ዜሮ ነበር የሚያገኘው! እኔም ወባ ስፈልግ ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ 7 ወይ 8 ማይክሮሜትር የምታክል ቀይ የደም ሴል ውስጥ ፓራሳይቱን ካላየሁ አለ ብዬ ብጽፍ በሽተኛው ያለበሽታው መድሃኒት ይውጣል።

እና ትምህርት ቤቶች ቁምሳጥኑን ክፈቱት፣ ሌንሱ አቧራ ወይ ሻጋታ ይዞት ከሆነ እኔና የስራ ጓደኞቼ ቅዳሜ መጥተን በነጻ እናጸዳለን፣ ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ሰጥቻለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ