በፖሊስ የማሰር ሥልጣን ላይ ለሚደረገው ውይይት፣ ለአባላት የተላከ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

ፖሊስ ሰውን የመያዝና አስሮ የማቆየት ሥልጣኑ እንዴት ይገደብ በሚለው ጥያቄ ላይ በመጪው ስብሰባችን ስለምንወያይ፣ ሁለት ሕጎችን አስቀድማችሁ ጎን ለጎን እንድታነቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 ደግሞ ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ተጠርጣሪውን አስሮ እንዲያቆይ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ቀጠሮው ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን ወሰን አላበጀለትም። ለእኔ ዋናው ክፍተት ይህ ነው።

ሌላም አለ። አንዲት እናት ለልጃቸው የተፈቀደውን ዋስትና አስይዘው፣ ደረሰኙን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ጣቢያ በር ላይ ሲጠብቁ ከዋሉ በኋላ፣ «ሌላ መዝገብ ተከፍቶበታል» ተብለው ባዶውን ምሳ ዕቃ ብቻ ይዘው ሲመለሱ አይቻለሁ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ በር ላይ ከቀረ፣ የ48 ሰዓቱ ገደብ ብቻውን ምን ያደርግልናል?

ማስረጃ ይጠፋል፣ ምስክር ይባበላል የሚለው የመርማሪዎች ስጋት መሠረት ያለው በመሆኑ ልናቃልለው አይገባም። ሆኖም መርማሪው ባለፈው ቀጠሮ ምን እንደሠራ በዝርዝር ሳያስረዳ ተጨማሪ ቀን እንዳይሰጠው፣ የቀጠሮው ጠቅላላ ጊዜም በሕግ እንዲወሰን ሐሳብ አቀርባለሁ። በዚህ ላይ ያላችሁን አስተያየት በጽሑፍ ይዛችሁ እንድትመጡ አደራ እላለሁ።