ሸክላው ሲያበቃ ሙዚቃው አላበቃም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በባለፈው እትማችሁ የኪነ ጥበብ ዓምድ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ የወጣውን ዘገባ አንባቢዎቻችሁ ሳያዩት የቀሩ አይመስለኝም፤ ሙሉ ገጽ የያዘ ነበርና። ስለ ክቡር ዘበኛና ስለ ፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች የተጻፈው፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የግል የሙዚቃ ሸክላ አሳታሚ ድርጅት ስለማቋቋማቸው የተተረከው ሁሉ የሚነቀፍ አይደለም። ብዕር ያስነሣኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዘጋቢዎ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጨረሻው ሸክላ ከታተመ በኋላ የአገሪቱ ዘመናዊ ሙዚቃ ለሃያ ዓመታት ያህል ድምፁ ጠፍቶ እንደቆየ፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ “ኢትዮፒክስ” የተሰኘውን ተከታታይ የዘፈን ስብስብ ማውጣት እስኪጀምሩ ድረስም አስታዋሽ እንዳልነበረው ጽፈዋል።

እኔ በእነዚያ ሃያ ዓመታት ደሴ፣ ፒያሳ ላይ ሙዚቃ ቤት ከፍቼ ቤተሰብ አስተዳድር ነበር። ድምፁ የጠፋ ሙዚቃ ሸጬ ልጆች አሳድጌ ከሆነ፣ ጋዜጣችሁ ስለ እኔ በንግድ ዓምዱ ላይ ሊጽፍልኝ ይገባ ነበር።

ነገሩን በረጋ መንፈስ እንየው ከተባለ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አያስቸግርም። ሸክላ ሰብሳቢ የሚቆጥረው ሸክላ ነው፤ ሸክላው ያለቀበት ዓመት ላይ ሲደርስ የእርሱ መዝገብ ይዘጋል። ይህ በሰብሳቢው አያስነቅፍም፣ ሥራው ነውና፤ ፋልሴቶም ለሠሩት ሥራ ምስጋና እንጂ ወቀሳ የለኝም። ጋዜጠኛ ግን የሰብሳቢን መዝገብ ተቀብሎ የአገር ታሪክ ነው ብሎ ሲያትመው ዝም ማለት አይቻልም። ሸክላው የቆመው ዘፋኝ ስለጠፋ ሳይሆን ካሴት ስለመጣ ነው። ሸክላ ውጭ አገር ተልኮ የሚታተም፣ ማጫወቻውም ከጥቂት ቤቶች የማያልፍ ዕቃ ነበር፤ ካሴት ግን እዚሁ ተቀድቶ እዚሁ የሚባዛ፣ በባትሪ በሚሠራ ቴፕ መብራት በሌለበት ገጠር ሳይቀር የሚሰማ ሆነ። አሊ ታንጎ በሚል ስም የምናውቃቸው አሊ አብደላ ኬይፋ እንኳ ሸክላ ማሳተሙን ሲተዉ ሥራውን አልተዉም፤ ወደ ካሴት ዞሩ እንጂ።

በሰዓት እላፊው ምክንያት የምሽት ክበቦች መጎዳታቸው፣ ግጥም ሁሉ በሳንሱር ማለፉ፣ ብዙ ባለሙያዎችም አገር ጥለው መሄዳቸው እውነት ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ያን ዘመን አልኖረበትም። ዘጋቢዎ ያላስተዋሉት ግን ይኸው ሰዓት እላፊ ለካሴት ገበያ ዋና ረዳት መሆኑን ነው። ሰው በጊዜ ቤቱ ከገባና በሩን ከዘጋ ምን ያደርጋል? ቴፑን ይከፍታል። ኤፍሬም ታምሩ፣ ቴዎድሮስ ታደሰ፣ ንዋይ ደበበ፣ ኩኩ ሰብስቤ፣ ፀሐዬ ዮሐንስ ስማቸው የገነነው ድምፁ ጠፋ በተባለው በዚያ ዘመን፣ በካሴት ነው። አስቴር አወቀም አሜሪካ ሳትሄድ በፊት እኛ ዘንድ የታወቀችው በካሴት ነው። ጆቫኒ ሪኮ፣ ሰላም ስዩምና ዳዊት ይፍሩ የነበሩበት ሮሃ ባንድ ያላጀበው ዝነኛ ድምፃዊ ማን ነው? ዘገባው ግን የሮሃን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም። አንድ አገር በሙሉ ሠርጉን፣ ልደቱንና የአውቶቡስ ጉዞውን ያሳለፈበት ባንድ በባለ ሙሉ ገጽ ዘገባ ውስጥ አንዲት መስመር ማጣቱ፣ በስንት ድካም የተገኘ ውጤት እንደሆነ ዘጋቢዎ ቢነግሩን ደስ ባለን።

የካሴቱን ጉልበት ለማወቅ የአሰብን መስመር ሹፌሮች መጠየቅ በቂ ነበር። በኮምቦልቻ በኩል ወደ አሰብ የሚወርዱ የኤንትሬ የጭነት መኪና ሹፌሮች ደንበኞቼ ነበሩ። የሚፈልጓቸውን ዘፈኖች በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ጽፈው ትተውልኝ ይወርዱና ሲመለሱ በዘጠና ደቂቃ ካሴት ተቀድቶ ይጠብቃቸዋል። ከመስታወቱ ሥር ያስቀመጡት ካሴት በሚሌ ሙቀት ተጣሞ ሲመጣ፣ ቤቱን በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቄ ክሩን ሳላጣምም ወደ ሌላ ቤት አዛውረው፣ የተበጠሰውንም በጥፍር ቀለም ቀጥዬው ነበር። ሹፌሩ ቆሞ ይጠብቃል፤ ያለ ካሴት ዳገቱን አልወጣም ይላል። ዘፈኑ አዲስ አበባ በወጣ በሳምንቱ ባቲ ገበያ ላይ የሚሰማው በእነዚህ ሰዎች ነው። በሱዳን በኩል የተሰደዱትና ወደ ዓረብ አገር የሄዱትም ይዘውት ሄደዋል፤ እናቶች ድምፃቸውን በካሴት አንድ ገጽ ላይ ቀድተው፣ በሌላው ገጽ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን አስሞልተው ለልጆቻቸው ይልኩ ነበር። አሳታሚዎች የእኔ ቢጤውን ቀጂ ያማርሩ እንደነበር አውቃለሁ፤ በዚያ ጉዳይ የሚከሰኝ ካለ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይጻፍብኝ።

ዓለምስ ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው የሰማን? ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሠርቷል። የማሕሙድ አሕመድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጅየም ውስጥ በሸክላ ታትሟል። ከዋልያስ አባላት አንዱ የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ በአኮርዲዮን የሠራውን ካሴት ደግሞ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ አሳትሞታል። ልብ ይበሉ፣ አዘጋጅ ሆይ፤ የተገኘው ባሕር ዳር ነው፤ የክፍለ ሀገር ሰው አስቀምጦት እንጂ ከሰማይ አልወረደም። ሰብሳቢዎቹ አሁን ፊታቸውን ወደ ካሴት ካዞሩ፣ ዘጋቢዎም በሚቀጥለው ዘገባቸው የሙዚቃችንን ትንሣኤ ወደ 2013 ያሸጋግሩልን ይሆናል።

ወሎን በተመለከተ ብዙ ባልናገር እመርጥ ነበር፤ አልቻልኩም። ጋዜጦች ወሎን የሚያስታውሱት ድርቅ ሲገባና ስለ ሙዚቃ ቅኝት ሲጻፍ ነው። ቅኝቶቹ የተሰየሙባቸው ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች መሆናቸው በዘገባችሁ ተጠቅሷል፤ እናመሰግናለን። ቅኝቱን የሚጫወቱት ሰዎች በደርግ ዘመን የት እንደነበሩ ግን አልተነገረም። ማሪቱ ለገሰ የወጣችበት የወሎው ላሊበላ ኪነት ቡድን የሠራው ዝምታ ሰፈነበት በተባለው ዘመን ነው። ጎንደር ፋሲለደስ፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድኖች ነበሯቸው። እነዚህ ቡድኖች መንግሥትን ለማወደስ ይታዘዙ ነበር፤ ያም ሆኖ በየአውራጃው ሲዞሩ ከመፈክሩ መዝሙር ቀጥሎ የሚመጣውን የባሕል ጨዋታ ለመስማት ነበር ሕዝቡ ሜዳውን የሚሞላው።

ይህ ንቀት ለእኔ አዲስ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ስለ ሙዚቃ የሚያጠና ሰው ሱቄ ድረስ መጥቶ ሸክላ ይኖረኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ካሴት እንዳለኝ ነግሬ መደርደሪያውን ባሳየው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ “ካሴትማ ሁሉም ቤት አለ” ብሎኝ ወጣ። ሁሉም ቤት ያለ ነገር እንዴት ለጥናት እንደማይሆን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የብሮድካስት ተቋም ደግሞ ለበዓል ፕሮግራም ብሎ የወሰዳቸውን ማስተር ቅጂዎቼን አልመለሰም፤ ስጠይቅ ዕቃ ግምጃ ቤት ፈልግ ተባልኩ፣ ግምጃ ቤቱ ደግሞ ቢሮውን ጠይቅ አለኝ። ስለ ዘገባው ወደ ጋዜጣችሁ ስደውልም ስልኩን ያነሣችው ልጅ በትሕትና “አባባ፣ ፌስቡክ ላይ ኮሜንት ያድርጉልን” ብላኛለች። እግዜር ይስጣት፤ እኔ ግን ወረቀት መረጥኩ።

የምጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይታተም፤ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር የሚቀበር እርማት አልፈልግም። ሁለተኛ፣ ዘጋቢዎ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ደሴ ይምጡ። በየካሴቱ ውስጥ ያለው የታጠፈ ወረቀት ላይ የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲው፣ የአቀናባሪው፣ የባንዱና የአሳታሚው ስም ተጽፏል፤ ገጣሚው ይልማ ገብረአብና የዜማ ደራሲው አበበ መለሰ ምን ያህል ዘፈን እንደሠሩ ከእነዚህ ወረቀቶች ላይ መቁጠር ይቻላል። ሲመጡ ግን እንዳይዘገዩ ይንገሩልኝ፤ ክሩ በእርጥበት እየተጣበቀ ነው፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጥቂት ካሴቶች ይሞቱብኛል፣ ማጫወቻዬም የሚሠራው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የሙዚቃ ቤት ባለቤት
ደሴ