ጤና አዳም የያዘችው ልጅ፦ የቴአትር ክበባችን ዓመት

ኅዳር ላይ «ሐምሌት» የተባለውን የሼክስፒር ተውኔት ሚና ስንከፋፈል ኦፌልያን የሚፈልግ ጠፋ። ሴቶቹ ልጆች ንግሥቲቱን ተሻሙባት። «እሷማ እሺ እሺ ስትል ከርማ የምትሞት ናት» ብለው ኦፌልያን ተዋት። መጨረሻ ላይ ከ11ኛ ክፍል አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች።

ክበባችን ዘንድሮ ሌላም ሠርቷል። ለአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ጭውውት፣ ለዓድዋ በዓል ግጥምና ሽለላ አቅርበናል። ጥሩ ነበሩ። ልቤ ውስጥ የቀረችው ግን ኦፌልያ ስለሆነች ስለ እሷ ልጻፍ።

የሠራነው በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ነው። ያገኘነው አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበር ልጆቹ በእጃቸው ገለበጡት። ኦፌልያ በሕይወት የምትታየው በአምስት ትዕይንቶች ብቻ ነውና ልጅቷ ቶሎ ጨረሰች። «ቲቸር፣ ይቺን ልጅ እኮ ሁሉም ነው የሚያዛት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ወንድሟ ከምትወደው ከልዑሉ ከሐምሌት ተጠንቀቂ ይላታል። አባቷ እንዳታናግሪው ይላታል፤ እሺ ትላለች። ቆይቶ ደግሞ ይኸው አባት ከንጉሡ ጋር ተደብቆ ሊያዳምጥ ሐምሌት ፊት ያቆማታል። ከዚያ ሐምሌት አባቷን ይገድለዋል። የምትወደው ሰው አባቷን ገደለ፤ ለማን ትንገር?

ልጆቹ ወዲያው የሐዲስ ዓለማየሁን ሰብለ ወንጌልን አነሱ። እሷም በአባቷ ቃል የታሰረች የጎጃም ልጅ ናት። ግን ሰብለ በዛብህን ፍለጋ ከቤት ወጣች። ኦፌልያ የምትወጣበት በር የላትም።

ያበደችበትን ትዕይንት ስንለማመድ ተቸገርን። ልጅቷ ፀጉሯን በትና፣ እየጮኸች ትሮጣለች። የክበቡ ልጆች ሳቁ። አለቀሰች። ቅዳሜና እሑድ ገጠር ወዳሉት አያቷ ሄደችና ታሪኩን ነገረቻቸው። አያቷ እብደቱን ትተው ስለ ቀብሩ ጠየቁ። ንጉሡ አባትየውን በችኮላና በድብቅ እንዳስቀበረው፣ የማዕረጉ ወግ እንዳልተደረገለት ነገረቻቸው። «እንዴ! ሳይለቀስለት ቀበሩባት? ታዲያ ብታብድ ይፈረድባታል?» አሉ።

ሰኞ ይህን ስትነግረን ክፍሉ ዝም አለ። ስንት መጽሐፍ አንብቤ ያላየሁትን አያቷ በአንድ ጥያቄ አሳዩኝ። ኦፌልያ የምትዘፍነው ዘፈን ሞት ሞት የሚለው ለካ ሙሾ ነው። ለቀስተኛ የሌለበት፣ ድንኳን ያልተጣለበት ለቅሶ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ደግሞ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስትታዘዝ የኖረች ልጅ፣ ያለ ማንም ፈቃድ የልቧን የምትናገረው እዚህ ጋ ነው። የእኛስ ሴቶች ሌላ ቀን የማይናገሩትን ሙሾ ላይ አይደል የሚያወጡት?

ሩጫውን ተውነው። ልጅቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ቀስ ብላ እንድትገባ አደረግን። ግጥሙ የጸጋዬ ሆኖ ዜማውን ከሙሾ ወሰድን።

በዚሁ ትዕይንት ኦፌልያ የምታድላቸውን ዕፅዋት ነገር የፈታልን የእንግሊዝኛና የባዮሎጂ መምህራን ትብብር ነው። ኦፌልያ ለሰዎቹ ከምታድላቸው ውስጥ ሦስቱ ጓሯችን ያሉ ሆነው ተገኙ፦ የጥብስ ቅጠል፣ እንስላልና የጤና አዳም ዝርያ። የጤና አዳም የእንግሊዝኛ ስሙ ጸጸትም ማለት ነው። እኛ ቡና ላይ ጣል የምናደርገው፣ ስሙም ጤና የሆነ ቅጠል እዚያ የጸጸት ቅጠል ነው። ልጅቷ ከቤቷ እውነተኛውን ይዛ መጣች። ለማን እንደምትሰጠው ተውኔቱ በግልጽ አይነግረንም፤ እኛ ለንግሥቲቱ አልን። ግማሹን ሰጠቻት፣ ግማሹን ለራሷ አስቀረች። በእጇ ስታሸው ሽታው ፊት ወንበር ድረስ መጣ።

ሰኔ ላይ ለወላጆች አሳየን። ንግሥቲቱ ኦፌልያ ወንዝ ውስጥ እንዴት እንደሞተች ስትተርክ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። ንግሥቲቱን የምትሠራው ልጅ ለመሰማት መጮኽ ግድ ሆነባት፤ ያ ውብ ንግግር ለስለስ ብሎ ባለመሰማቱ እስካሁን ይቆጨኛል። ለቀብሩ ዝናቡ ጋብ አለ። አሟሟቷ አጠራጣሪ ነው ተብሎ ቄሱ ሙሉ ሥርዓቱን ከለከሉ። ወንድሟ «ሌላስ ሥርዓት የለም?» ብሎ ጠየቀ። ፍትሐት መከልከል ምን እንደሆነ ለአዳራሹ ማስረዳት አላስፈለገንም። ከኋላ አንድ የአሮጊት ድምፅ «ነፍስ ይማር» አለ። ሌሎችም ተከተሉ። ቄስ ሆኖ የሚሠራው ልጅ ቀጣዩን ቃል አፉ ላይ ይዞ፣ ሁሉም ብለው እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቀ።