ስለ ውጤት ብቻ አናውራ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የአንደኛ ደረጃ የመጨረሻው ዓመት በፈተና ጭንቀት ብቻ ማለፉ ያሳስበኛል። ቤት ውስጥ የሚወራው ስለ ውጤት ነው። ትምህርት ቤትም እንደዚያው። ወደ መካከለኛ ደረጃ የሚያልፈው ልጅ የሚፈራው ግን ሌላ ነገር ነው። ክፍሌን ባጣውስ? ከጓደኞቼ ብለይስ? ትልልቆቹ ቢያስቸግሩኝስ?

ለውጡ ቀላል አይደለም። እስከ ዛሬ የክፍሉ መምህር ጠባዩን፣ ሲያኮርፍ ምን እንደሆነ ሳይቀር ያውቁለት ነበር። መካከለኛ ደረጃ ሲገባ ለየትምህርቱ ሌላ መምህር ይመጣል። ሁሉም የቤት ሥራ ይሰጣሉ፤ አንዱ ሌላው ምን እንደሰጠ አያውቅም። ማስታወሱ የልጁ ፈንታ ይሆናል። በዚያ ላይ ሰውነቱም መለወጥ የሚጀምረው በዚሁ ዕድሜ ነው። ጎበዝ የነበረ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ ዝቅ ቢል ሰነፈ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከአሁኑ ቦርሳውን ራሱ ያዘጋጅ። የቤት ሥራውን ይመዝግብ። ያልገባውን ራሱ ይጠይቅ፤ እኛ አንጠይቅለት። በጊዜም ይተኛ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ያጥና ተብሎ እንቅልፉን መቀነስ፣ በእኔ እምነት፣ ትልቅ ጥፋት ነው።

ትምህርት ቤቶችን አንድ ነገር ልለምን። ዓመቱ ሳያልቅ አዲሱን ግቢ አሳዩአቸው። መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ሲቸገሩ ማንን እንደሚያናግሩ ይወቁ። ጥያቄያቸውን እዚያ የሚማሩ ልጆች ቢመልሱላቸው ደግሞ ከእኛ ይልቅ እነሱን ይሰማሉ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት እናት