እማዬ፣ ወደ ነጩ ግንብ ከመውጣታችሁ በፊት

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከመስቀል በኋላ ሙኒክ ስትመጪ ኖይሽቫንስታይን የሚባለውን ግንብ ሳታዪ አትመለሺም። እኔን ሥራ ስለሚይዘኝ የምትሄጂው ከአክስቴ ጋር ነው። እሷ ቋንቋውን ታውቃለች፣ ግንቡን ግን አታውቀውም። ይህን ደብዳቤ አብራችሁ አንብቡትና ያን ቀን ይዛችሁት ውጡ።

ተራራ ላይ ነው ሲሉሽ ትንፋሽ ያጥረኛል ብለሽ አትስጊ። ግንቡ ያለበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አዲስ አበባ ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል። የሚፈተነው ጉልበት ነው።

ረቡዕና ዓርብ አይሁን። መንደሩ ውስጥ የሚሸጠው ቅቤ፣ አይብና ቋሊማ ነው፤ ለጾመኛ ከተጠበሰ ድንች በቀር ብዙም የሚቀመስ የለም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሰዉ አይጣል ነው። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሻላል። ለሁለት ሰው በአንድ ላይ የሚገዛው የባቫሪያ የቀን ቲኬት ባቡሩንም አውቶቡሱንም ይሸፍናል፤ በሥራ ቀን ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አይሠራም። ከሙኒክ ዋና ጣቢያ ለግንቡ ቅርብ እስከሆነችው ከተማ፣ እስከ ፉሰን፣ 2 ሰዓት ያህል ነው። አንዳንዱ ባቡር ቡኽሎ የሚባል ጣቢያ ላይ ያስቀይራል፣ ቀጥታ የሚሄደውን ምረጡ። ፉሰን ስትወርዱ 73 ወይም 78 ቁጥር አውቶቡስ በ10 ደቂቃ ገደማ ሆሄንሽቫንጋው፣ ከግንቡ ሥር ያለው መንደር ያደርሳችኋል።

የግንቡን መግቢያ እኔ በኢንተርኔት እገዛዋለሁ፤ እዚያው ደርሶ እገዛለሁ ያለ ብዙ ጊዜ አልቆበት ይመለሳል። ቲኬቱ ላይ የታተመው ሰዓት የግንቡ በር ላይ የምትገቡበት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መንደሩ የሚደርስበት መስሎት ነው። 13:40 ከተባለ በኛ 7:40 ነው፣ 6 መቀነስ ነው። ካመለጣችሁ ቡድኑ ይገባል፣ ቲኬቱም ወደቀ ማለት ነው፤ ልመና አይሰማም። ስለዚህ መንደሩ ከደረሳችሁ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል እንዲተርፋችሁ አድርጌ እገዛለሁ።

ከመንደሩ ወደ ላይ የሚያስኬዱ ሦስት መንገዶች አሉ። በእግር አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ዳገት ነው፣ ለጤነኛ ሰው እንኳ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፤ እሱን ተዪው። አውቶቡሱ ፈጣን ነው፣ ግን ከግንቡ በላይ ነው የሚያወርደው፤ ከዚያ ወደ በሩ የሚወስደው ቁልቁለት ቀጥ ያለ ነው። ላንቺ ጉልበት ደግሞ ከዳገት ቁልቁለት ይብሳል። በረዶ ካለም አይሄድም። የፈረስ ጋሪው ይሻልሻል። ዝግ ይላል፣ ወረፋም አለው፣ ቀድሞ ማስያዝ የለም፣ ግን ከግንቡ በታች ስለሚያቆም የሚቀርሽ ትንሽ ዳገት ብቻ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ለመውጣት ከመውረድ ይበልጥ ያስከፍላል። ስትመለሱም በሱው ውረዱ፣ እዚህ ላይ መቆጠብ አያስፈልግም።

ውስጡ ደግሞ ደረጃ ነው። ሲወጡ 165፣ ሲወርዱ 181፣ አብዛኛው ጠመዝማዛ። ዊልቸር ለሚጠቀሙ አስቀድሞ የሚጠየቅ ሊፍት አለ፤ ያስፈልገኛል ካልሽ አትፈሪ፣ ንገሪኝና ልጠይቅልሽ። ጉብኝቱ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፣ አስጎብኚው ቶሎ ቶሎ ስለሚሄድ ከፊት ሁኚ፤ ከኋላ ያለ ሰው ሲደርስ ንግግሩ አልቆ ይጠብቀዋል። ትልቅ ቦርሳና የጀርባ ቦርሳ አይገባም፣ ፎቶም ክልክል ነው። የግፊት መድኃኒትሽን በትንሿ ቦርሳ ያዢ። ሽንት ቤት ወረፋው ላይ ሳትቆሙ ታች መንደሩ ጨርሱ።

የጥንት ምሽግ ነው ብለሽ እንዳትገቢ። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካረፉ ከዓመት በኋላ። የፋሲል ግንብ ከ200 ዓመት በላይ ይቀድመዋል። ግድግዳው ጡብ ነው፣ ነጩ ድንጋይ ከላይ የተለበጠ። የባቫሪያው ንጉሥ ዳግማዊ ሉድቪግ ሳይጨርሱት በጁን 1886 ከዚሁ ተይዘው ተወሰዱ፣ በማግሥቱም ሽታርንበርግ ሐይቅ ላይ ሞቱ። ከሰባት ሳምንት በኋላ ለጎብኚ ተከፈተ።

በአማርኛ የሚያስረዳ ስለሌለ አንድ ክፍል ብቻ ልንገርሽ፤ እሱን ካየሽ በቂ ነው። የዙፋኑ አዳራሽ የተሠራው በቢዛንታይን፣ በጥንቱ የምሥራቅ ሮም መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን አምሳል ነው። ከፊት ለፊት መቅደስ የሚመስል ጎድጓዳ ቦታ አለ፣ በዕብነ በረድ ደረጃ የሚወጣ። ከላይ ጌታችን፣ ከሥሩ ቅዱሳን የተባሉ ስድስት ነገሥታት፣ በደረጃው ግራና ቀኝ ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ተስለዋል። መካከሉ ግን ባዶ ነው፤ ንጉሡ ስለሞቱ ዙፋኑ ሳይሠራ ቀረ። ወለሉን ጎንበስ ብለሽ እዪው፤ እንስሳውም ዕፅዋቱም በጥቃቅን ድንጋይ የተደረደረ ነው። በላይሽ የተንጠለጠለው በዘውድ ቅርጽ የተሠራ የ96 ሻማ መብራት ነው፣ ሻማ ሲቀየር ከጣሪያው በላይ ባለ መዘውር እያወረዱ። መኝታ ቤቱ ሲደርስ ደግሞ መታጠቢያው ላይ ቧንቧውን ፈልጊ፣ በዳክዬ ዘመዱ በስዋን ቅርጽ የተሠራ ነው፤ በዚያ ዘመን ውኃው ከተራራው ምንጭ በቧንቧ ይመጣ ነበር።

በካላንደር የሚታየው ፎቶ የሚነሣው ማሪየንብሩክ ከሚባለው ድልድይ ላይ ነው። ከገደሉ 90 ሜትር በላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ሰው ሲበዛ ይወዛወዛል፣ ወደዚያም ዳገት አለ። እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ከመንደሩ ቀና ብሎ ማየትም ያምራል፤ አልፕዜ የሚባለው ሐይቅ ዳር ደግሞ ሜዳ ነው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ቆሏችሁንም እዚያ ትበላላችሁ።

ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ጀምሮ ግንቡ የሚከፈተው ከጠዋቱ 4 እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ብቻ ነው፤ ቲኬትም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የምትመጪበትን ቀን እንዳወቅሽ ጻፊልኝ፣ ከኦክቶበር 16 በፊት ያለውን ሐሙስ ልያዝላችሁ። ጫማሽ ሶሉ ጎማ ይሁን፤ ያ ጥቁሩ የቤተ ክርስቲያን ጫማሽ ያንሸራትታል።

አክባሪ ልጅሽ