በአሜሪካ ጦር መዝገብ ላይ ስለተዛባ ስምና የልደት ቀን፦ በዋሽንግተን ዲሲ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የቆንስላ ክፍል የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የቆንስላ ክፍሉ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በአሜሪካ ጦር አገልግለው የተሰናበቱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የአገልግሎት ሰነዳቸውን ሲያስተካክሉ የምናግዝ ሰዎች ነን። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ስሙ ወይም የልደት ቀኑ በጦሩ መዝገብ ላይ ተዛብቶ ለተመዘገበ የቀድሞ ወታደር፣ የሀገራችንን የስም አጠራርና የዘመን አቆጣጠር የሚያስረዳ፣ ማኅተምና ቁጥር ያለው የአንድ ገጽ ማረጋገጫ እንድትሰጡት። ይህች አንዲት ገጽ ለምን ይህን ያህል እንደምታስፈልግ በዝርዝር እናስረዳለን።

አንድ ወታደር ከአሜሪካ ጦር ሲሰናበት ዲዲ 214 የሚባል ቅጽ ይሰጠዋል። ሕክምናው፣ የቤት ብድሩ፣ የትምህርት ክፍያው፣ ሲሞትም በብሔራዊ መካነ መቃብር የማረፍ መብቱ የሚረጋገጠው በዚህ ቅጽ ነው። ስም በ1ኛው ሣጥን፣ የልደት ቀን በ5ኛው፣ የአገልግሎት ዘመን በ12ኛው፣ ሜዳልያና ሽልማት በ13ኛው፣ የስንብቱ ዓይነት በ24ኛው ይገኛል። ቅጹ አጭርና ረጅም ቅጂ ስላለው፣ የስንብቱ ምክንያት የሰፈረበትን ረጅሙን (አራተኛውን የአባል ቅጂ) መያዝ ያስፈልጋል። በዚህ ቅጽ ላይ በእጅ መሰረዝ፣ መደለዝ፣ ፊደል ማስተካከል ፈጽሞ አይቻልም፤ የተነካካ ቅጽ ዋጋ የለውም። ስህተት የሚታረመው ዲዲ 215 በሚባል ተጨማሪ ቅጽ ነው። እርሱም የትኛው ሣጥን እንዴት መነበብ እንዳለበት ብቻ ስለሚናገር ሁለቱ ወረቀቶች ሁልጊዜ አብረው መቀመጥ አለባቸው።

የእኛ ሰዎች ስህተት ከሌላው የሚለየው የሚጀምረው ገና ከጦሩ በር ውጭ በመሆኑ ነው። ቀኑን እንመልከት። አንድ ልጅ የተወለደው ኅዳር 5 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው እንበል። በትምህርት ቤቱ ካርድ ላይ 5/3/1985 ተብሎ ተጽፏል፤ ለእኛ የሚያሻማ ነገር የለውም። አሜሪካዊ ግን ወሩን አስቀድሞ ስለሚያነብ ሜይ 3 ቀን 1985 ብሎ ይመዘግበዋል። ትክክለኛው ቀን ኖቬምበር 14 ቀን 1992 ነው። ቀኑም፣ ወሩም፣ ዓመቱም በአንድ ጊዜ ተሳሳቱ፤ ልጁ በወረቀት ላይ ሰባት ዓመት ተኩል አረጀ። ጳጉሜን የተወለደ ደግሞ 13ኛ ወር የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለ፣ ጸሐፊው እንደመሰለው 12 ወይም 1 ብሎ ያልፈዋል።

ከዚህ የረቀቀም ስህተት አለ። ብዙ ተርጓሚዎች ዓመቱ ላይ 8 ደምረው ያልፋሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ነው። ጳጉሜን 6 ሆና ባለፈች ማግስት ደግሞ ዘመን መለወጫ በአንድ ቀን ይገፋል፤ መስከረም 1 ቀን 1984 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 12 እንጂ 11 አልነበረም። ይህ የአንድ ቀን ፈቀቅታ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይቀጥላል። የጦሩ መዝገብና የሶሻል ሴኪዩሪቲ (የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ) መዝገብ በአንዲት ቀን ሲለያዩ ማመልከቻው ይቆማል። ይህን እያየን ነው «የአንድ ቀን ጉዳይ ነው» የሚለውን ምክር ትተን ቀኑን በቀን መቁጠሪያ አስቆጥረን የምናስረክበው።

ወደ ስሙ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። አበበ ከበደ ተሰማ የሚባል ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው። ቅጹ ግን «የመጨረሻ ስም» ይለዋል። በአንዱ ወረቀት ተሰማ የመጨረሻ ስሙ ይሆናል፤ አያቱ ባልተጻፉበት በሌላው ወረቀት ከበደ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ያያቸዋል። ሚስቱ አልማዝ ታደሰ በአባቷ ስም ነው የምትጠራው። ልጁ ሣራ አበበ ከበደ ስትሆን የመጨረሻ ስሟ ከበደ ነው። አባት ተሰማ፣ እናት ታደሰ፣ ልጅ ከበደ፤ በአንድ ጣራ ሥር ሦስት የመጨረሻ ስም። ቬተራኑ ለሚስቱና ለልጁ የጥገኛ አበል ሲጠይቅ፣ ወይም ሞቶ ሚስቱ የተተኪነት መብቷን ስትጠይቅ፣ መዝጋቢው የሚያየው ዝምድናቸው ከስማቸው የማይነበብ ሦስት ሰዎችን ነው።

ገብረ መድኅንን የመሰለ ስም ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ ተነጣጥሎ ከተጻፈ ገብረ የመጀመሪያ ስም፣ መድኅን የመካከለኛ ስም ይሆንና ሰውየው በጦሩ ውስጥ «ገብረ» ተብሎ ይቀራል። ሌላ ቦታ ተገጥሞ ከተጻፈ ደግሞ ስሙ አይገናኝም። ጸጋዬን አንዱ በቲ እና በኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። ለአማርኛ አንባቢ አንድ ስም ነው። ለመዝገብ ቤት ፍለጋ ግን ፊደል በፊደል ካልገጠመ የለም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው፣ ለጦሩ የሚያስፈልግ ቋንቋ ወይም ሙያ ያላቸውን የውጭ ዜጎች ይቀበል የነበረው ማቭኒ የተባለው ምልመላ አማርኛን ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ ስለነበር፣ ከዲቪና ከቤተሰብ ጥሪ ከመጡት ሌላ በዚያ በኩል የገቡም አሉ። በቋንቋቸው ተፈልገው የገቡ ሰዎች በዚያው ቋንቋ የተሰየመ ስማቸውን ማስረዳት ሲያቅታቸው ማየት ያሳዝናል።

ማረሚያው መንገድ አለ። መጀመሪያ ስህተቱ የተወለደበትን ወረቀት መለየት ያስፈልጋል። ግሪን ካርዱ ትክክል ሆኖ ጦሩ ሲገለብጥ ከተሳሳተ የጽሕፈት ስህተት ነው፤ ሲገባ የቀረበው ወረቀት ተያይዞ ሲጠየቅ በዲዲ 215 ይታረማል። ለዚህም ሙሉውን የግል ማኅደር ሴንት ሉዊስ ከሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል በኤስኤፍ 180 ቅጽ ወይም በኢንተርኔት መጠየቅ ነው። ቅጹ ካልተፈረመና ቀን ካልተጻፈበት አይስተናገድም። ግሪን ካርዱም አብሮ ከተሳሳተ ግን ጦሩ የገለበጠው ያየውን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከኢሚግሬሽን ወደ ሶሻል ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ወደ ጦሩ፣ በመጨረሻ ወደ ቬተራኖች ጉዳይ መሥሪያ ቤት መሆን አለበት። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የወጣ ሰው ሁለት ጊዜ ይደክማል።

በጽሕፈት እርማት ያልተፈታው በዲዲ 149 ቅጽ ለወታደራዊ መዝገብ አራሚ ቦርድ ይቀርባል። ምድር ጦር፣ አየር ኃይል፣ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ የየራሳቸው ቦርድ አላቸው፤ የባሕር ኃይሉና የማሪን ኮር አንድ ነው። ክፍያ የለውም። ጊዜው ስህተቱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው፤ ካለፈ ቦርዱ ለፍትሕ ሲል እንዲያልፈው በቅጹ ላይ ምክንያቱን ጽፎ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ይህን ቦታ ባዶ እየተወ ይጎዳል። ሕጉ 90 በመቶው ማመልከቻ በ10 ወር እንዲወሰን፣ የትኛውም ከ18 ወር እንዳያልፍ ያዝዛል። በሣጥን 12 ላይ የጎደለ የውጭ ሀገር ግዳጅ ላለባቸው ማስረጃው ሌላ ነው፤ የግዳጅ ትእዛዝ፣ በወር 225 ዶላር የጦር ቀጣና ክፍያ የሚያሳይ የደመወዝ ወረቀት፣ የጉዞ ሒሳብ ማወራረጃ። ያ እናንተን አይመለከትም።

እናንተን የሚመለከተው ይህ ነው። ቦርዱ ሥራውን የሚጀምረው የመንግሥት መዝገብ ትክክል ነው ከሚል ግምት ተነሥቶ ነው። ግምቱን የማፍረስ ሸክም የአመልካቹ ነው። አመልካቹ «በእኛ ሀገር ሁለተኛው ስም የአባት ነው፣ ዘመኑም ሌላ ነው» ብሎ ራሱ ሲጽፍ የራሱ ቃል ብቻ ይሆናል። የሀገሩ መንግሥት ወኪል በማኅተም ሲጽፈው ማስረጃ ይሆናል። ቦርዱ «ሲገባ በዚህ ስም ነበርና መዝገቡ በጊዜው ትክክል ነበር» ብሎ እርማቱን ባይቀበል እንኳ፣ ግራ መጋባቱን እንዲያጠራ ውሳኔው ከማኅደሩ ጋር እንዲቀመጥ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። የእናንተ ገጽ በዚያ ማኅደር ውስጥ ብትገኝ ከ30 ዓመት በኋላ መበለቲቱም ትጠቀምባታለች።

ገጿ ምን መያዝ እንዳለባት በትክክል እንናገር። «ለሚመለከተው ሁሉ፣ ግለሰቡ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» የሚል ደብዳቤ ለዚህ ሥራ አይረዳም፤ ማንም ትውልዱን አልካደም። ያስፈልጋል የምንለው፦ የሰውየው ሙሉ ስም በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል እንደተጻፈው አንድም ሆሄ ሳይለወጥ፤ ከዚያ የትኛው የራሱ፣ የትኛው የአባቱ፣ የትኛው የአያቱ እንደሆነ፤ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም እንደሌላቸው፣ ሚስትም በጋብቻ ስሟን እንደማትለውጥ በሁለት ዓረፍተ ነገር። በጦሩ መዝገብ ያለው አጻጻፍ ከዚህ የተለየ ከሆነ ልዩነቱ ጎን ለጎን ይቀመጥና ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸው ይገለጽ። የልደት ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ፤ «ኅዳር 5 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ ይህም ኖቬምበር 14 ቀን 1992 ነው» ማለት ይበቃል። የታየው ማስረጃ ቁጥርና የተሰጠበት ቀን፣ የፈራሚው ስምና ማዕረግ፣ ማኅተም። ሁሉም በእንግሊዝኛ፤ የአማርኛው ስም ብቻ በፊደላችን። ማኅተሙ ፊርማውን ሲነካ ጽሑፉን እንዳይሸፍን አደራ፤ ቀኑ ላይ ያረፈ ማኅተም ስካን ሲደረግ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ሁለተኛው የምንለምናችሁ ውክልናን ይመለከታል። አብዛኛው ሰው የልደት ምስክር ወረቀት የሚያወጣው በእናንተ በኩል ለሀገር ቤት ዘመዱ ውክልና ልኮ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ወረቀቱን ዘግይቶ ነው የሚያገኘው። ዘመዱ ወረዳ ሄዶ ስሙን በአፉ ይናገራል፣ መዝጋቢው የመሰለውን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ያሰፍራል፤ ስህተቱን ሊያርም የመጣው ወረቀት ሦስተኛ ስህተት ይዞ ይደርሳል። ውክልናው ውስጥ «ስሜ በእንግሊዝኛ በተያያዘው ፓስፖርት መሠረት እንዲጻፍ፣ የልደት ቀኔም በሁለቱም አቆጣጠር እንዲሰፍር» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር፣ የፓስፖርቱም ገጽ ተያይዞ ማኅተም ቢያርፍበት ይህ ይቀራል።

ዘግይቶ የወጣ የልደት ወረቀት ለብቻው ክብደቱ አነስተኛ መሆኑንም ተገልጋዮቻችሁ ይወቁት። ቦርዱ የሚያምነው ክርክሩ ከመነሣቱ በፊት የተጻፈውን ነው። የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የአንደኛ ደረጃ ካርድ፣ የሚኒስትሪ ፈተና ውጤት ከአዲስ የልደት ወረቀት ይበልጣሉ። እነዚህ ሲተረጎሙ ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚያውቅና ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ እንደሆነ ስሙን ጽፎ መፈረም አለበት።

አንድ ነገር በግልጽ ማለት ግድ ነው። ዕድሜውን አውቆ ቀንሶ ወይም ጨምሮ ያስመዘገበ ሰው ጉዳይ ስህተት አይደለም፤ ይህ ማረጋገጫም ለእርሱ አይደለም። በመሐላ የተረጋገጠ ቀን ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ዜግነትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ስለዚህ ከ2008 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ ቢያንስ አንድ ማስረጃ ላላቀረበ ሰው ቀኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አትስጡ፤ የአቆጣጠሩን ልዩነት የሚያስረዳውን ክፍል ብቻ ስጡት። ጥንቃቄው እውነተኛ ለሆኑት አመልካቾች ይጠቅማል፤ የኤምባሲው ወረቀት በቦርዱ ዘንድ እንደታመነ እንዲቆይ።

አብዛኞቹ ባለጉዳዮች አሁን የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ ብዙዎቹም በዚያው ባገለገሉበት ጦር ምክንያት ዜግነት ያገኙ። «ዜጋችን አይደሉም» ተብለው እንዳይመለሱ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ የያዘ፣ ወይም የቀድሞ ፓስፖርቱን ያቀረበ ሁሉ እንዲስተናገድ እንጠይቃለን። ከዋሽንግተን ርቀው ለሚኖሩ ማመልከቻው በፖስታ ቢቻል፣ ተመላሽ ፖስታውን ቴምብር ለጥፈው ራሳቸው ይልካሉ።

የማረጋገጫውን ናሙና በእንግሊዝኛ፣ ለውክልናው የሚጨመረውን መስመር በአማርኛ አዘጋጅተናል። ከባለሙያዎቻችሁ ጋር ቁጭ ብለን ቃል በቃል ለማየት በቀጠራችሁን ቀን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትውልደ ኢትዮጵያውያን ቬተራኖችን ሰነድ በማስተካከል የምናግዝ በጎ ፈቃደኞች