«ስንት ለስንት ነን?»፦ የመጀመሪያ ዕርዳታ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮም እንደ ወትሮው በፋሻና በአልኮል ነበር ሥራውን የጀመረው። ኅዳር ላይ፣ የሐዋሳው ታቦር ተራራ ከሚታይበት ሜዳችን፣ አንድ የ10ኛ ክፍል ተከላካይ የማዕዘን ምት ሊያወጣ ዘሎ ከገዛ ጓደኛው ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ። ሮጬ ገባሁና አናቱ ላይ ውሃ አፍስሼ «አይዞህ፣ ወንዱ!» ብዬ መለስኩት። ራሱን አልሳተም፤ ደም የለ፤ ምን አለበት ታዲያ? ጥቂት ቆይቶ ወደ መስመሩ ጠጋ ብሎ «መምህር፣ ስንት ለስንት ነን?» አለኝ። ነገርኩት። የወጣችው ኳስ ሳትመለስ ደግሞ ጠየቀኝ። የደነገጥኩት በሦስተኛው ነው።

ልጁ አሁን ደኅና ነው። እኔ ግን የውሃ ላስቲክ ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ።

የዓመቱ ሥራችን ከዚያ ተወለደ። አንዲት ነርስ ጋብዘን እንደተማርነው፣ አንጎሉ የተናወጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አይስትም፤ ሲቲ ስካንም ብዙውን ጊዜ ምንም አያሳይም። ምልክቱ ግራ መጋባት፣ ራስ ምታት፣ ማጥወልወል፣ ብርሃን መጥላት ነው። ተማሪዎቹን የያዛቸው የጀርመኑ ክሪስቶፍ ክራመር ታሪክ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ከተጋጨ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ተጫውቶ፣ ዳኛውን «ይህ የፍጻሜ ጨዋታ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ካርድ አዘጋጀን፦ የት ሜዳ ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ያገባው ማን ነው? አንዱን የሳተ ይወጣል፤ ሁሉን የመለሰም ራሱን ካመመው ይወጣል፤ በዚያ ቀን መመለስ የለም። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ባጃጅ ይጠራና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። የቀረው አንድ ሁለት ቀን ያርፋል፤ ከዚያ እርምጃ፣ ሩጫ፣ ንክኪ የሌለው ልምምድ፣ እያንዳንዱ ቢያንስ የአንድ ቀን ልዩነት እየተሰጠው። ወደ ግጥሚያ የሚመለሰው ሐኪም ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ካርዱ የተፈተነው በግንቦቱ ፍጻሜ ነው። የ9ኛ ክፍል አባላችን የ11ኛ ክፍልን ግብ ጠባቂ አስወጣችው። ደጋፊው ጮኸባት፤ ክፍሉ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ፤ እኔም ተጠራጠርኩ። በኋላ ግብ ጠባቂውን አግዳሚው ወንበር ስር ተንበርክኮ ሲፈልግ አገኘሁት። ምን እንደጠፋበት ጠየቅሁት።

«ጓንቴ» አለኝ። ሁለቱም እጁ ላይ ነበሩ።